ምንጩን የማያውቅ ማስታወሻ አይመሰክርም

ጁባ አማራት ሰፈር ተቀምጦ የኢትዮጵያንና የደቡብ ሱዳንን ድንበር ታሪክ ሊጽፍ የሚነሳ ተመራማሪ ምንጭ ማግኘቱ ብቻ አይበቃውም፤ ካገኘው ምንጭ ማስታወሻ እንዴት እንደሚይዝም ማወቅ አለበት። የከተማዋ መዛግብት ታሪክ ምክንያቱን ያሳየናል። ከ1972ቱ (እ.ኤ.አ.) የአዲስ አበባ ስምምነት በኋላ የተቋቋመው የደቡብ ክልል መንግሥት የቀድሞ አስተዳደር ፋይሎችን በጁባ ማሰባሰብ ያዘ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራውን ከመሩት አንዱ የታሪክ ምሁሩ ዳግላስ ጆንሰን ነበሩ። በ1983 የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ሲያገረሽ ጅምሩ ተሰናከለ። በ2005 ሰላም ከወረደ በኋላም ፋይሎቹ ለዓመታት በድንኳን ተከማችተው ኖሩ፤ ተለይተው በዲጂታል መቀዳት የጀመሩት ከሪፍት ቫሊ ኢንስቲትዩት ጋር በተደረገ ትብብር ነው። ዋናው ወረቀት እንዲህ ለጥፋት በሚጋለጥበት አገር ማስታወሻው ራሱ ምስክር ሆኖ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ የፋይሉን ስምና ቁጥር፣ ቀኑን፣ ጸሐፊውንና ተቀባዩን መያዝ አለበት፤ ቃል በቃል የተቀዳውም ከተመራማሪው አስተያየት ተለይቶ መታየት ይኖርበታል።

የጋምቤላ ጉዳይ ይህን ያስረዳል። ብዙ ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ በ1902ቱ ውል ጋምቤላን ለእንግሊዞች አከራዩ ተብሎ ይጻፋል። ውሉ ግን የሚናገረው በባሮ ወንዝ ላይ፣ በኢታንግ አካባቢ ስለሚመረጥ ቦታ ነው፤ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ይወስናል። ቦታው ለንግድ ብቻ እንዲውል፣ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ እንዲቆይ ያዛል። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ የተተከለው ከውሉ በኋላ ነው፤ ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ደግሞ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። «ጋምቤላ ተከራየች» ብሎ አሳጥሮ የመዘገበ ሰው በውሉ ቃልና በአፈጻጸሙ መካከል ያለውን ልዩነት አጥፍቷል፤ ክርክር የሚነሳው ግን ከዚያው ልዩነት ነው።

ዛሬ ሁሉን በስልክ ፎቶ ማንሳት ስለሚቻል ማስታወሻ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሊኖር ይችላል። ፎቶው በእርግጥ የቃሉን ትክክለኛነት ይጠብቃል፤ ከየትኛው ፋይል እንደተነሳ ካልተጻፈ ግን ማንም መልሶ ሊያረጋግጠው አይችልም፤ ሰነዱ ለምን እንደሚጠቅምም አይነግረንም። ሌላው ተቃውሞ ክብደት አለው፦ የቅኝ ገዢ ፋይል የአኙዋክንና የኑዌርን ሰው የሚያሳየው በአስተዳዳሪ ዓይን ነው፤ ስለዚህ የቃል ታሪክ ይበልጣል ይባላል። እውነት ነው፣ ፋይሉ ብቻውን አይበቃም። ነገር ግን የቃል ታሪክም ማን፣ የት፣ መቼ፣ ከማን ሰምቶ እንደተናገረው ካልተመዘገበ ከፋይሉ ጋር ተነጻጽሮ ሊመዘን አይችልም። ምንጩን በወጉ የመዘገበ ተመራማሪ ተናጋሪውንም ጸሐፊውንም እኩል ያከብራል፤ እሱ የደረሰበትንም መደምደሚያ ከኋላው የሚመጣው ሰው ፈትሾ እንዲቀበለው ወይም እንዲያርመው መንገዱን ክፍት ይተውለታል።