አይታወቅም

የፈተናው ውጤት መቼ ይለጠፋል? «አይታወቅም»። ውሃ ዛሬ ይመጣል? «አይታወቅም»። ሰው ከሞተ በኋላስ ምን አለ? «አይታወቅም»። ለሦስቱም ጥያቄ መልሷ አንዲት ቃል ናት። እስቲ ረጋ ብለን እንመልከታት። «አይታወቅም» ስንል «እስካሁን አልታወቀም» ማለታችን ነው ወይስ «ከቶ ሊታወቅ አይችልም»? ቃሏ ሁለቱንም በአንድ አቁማዳ ይዛ ትዞራለች። ተናጋሪው አይለይ፣ ሰሚው አይጠይቅ።

ይህ ልዩነት በአውሮጳ ትልቅ ክርክር አስነስቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 ኤሚል ዱ ቧ ሬይሞን የተባለ የበርሊን የፊዚዮሎጂ ሊቅ በላይፕሲግ ከተማ በሳይንቲስቶችና በሐኪሞች ጉባኤ ፊት ቆሞ ሁለት የላቲን ቃላት ተናገረ። ተመራማሪ ስለ ብዙ ነገር «ኢግኖራሙስ» ማለትን ለምዷል፤ «አናውቅም» ማለት ነው። ቁስ አካል በመሠረቱ ምንድን ነው፣ ከቁስ አካል እንዴት ንቃተ ኅሊና ይወጣል ለሚሉት ጥያቄዎች ግን መልሱ «ኢግኖራቢሙስ» ነው አለ፤ «ወደፊትም አናውቅም»። አንዲት «ቢ» መኻል ገባችና በሩን ዘጋችው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮምት እ.ኤ.አ. በ1835 ከዋክብት ከምን ከምን ንጥረ ነገር እንደተሠሩ የሰው ልጅ መቼም አያውቅም ብሎ ጽፎ ነበር። እሱ በ1857 ሞተ። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ኪርኾፍና ቡንሰን በሃይድልበርግ የብርሃንን ኅብረ ቀለም እየተነተኑ ፀሐይ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር መለየት ጀመሩ። የኮምት «አይቻልም» ለካ «ገና ነው» ኖሯል!

የሒሳቡ ሊቅ ዳቪድ ሂልበርትም «ኢግኖራቢሙስ»ን አጥብቆ ይጠላ ነበር። መስከረም 8 ቀን 1930 እ.ኤ.አ. በኬኒግስበርግ ባደረገው ንግግር ማወቅ አለብን፣ እናውቃለንም ብሎ ደመደመ፤ ቃሉ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። የሚገርመው ግን በዋዜማው በዚያው ከተማ ኩርት ጎደል የተባለ የ24 ዓመት ወጣት፣ በአንድ የሒሳብ ሥርዓት ውስጥ እውነት ሆነው ሳለ በዚያው ሥርዓት ሊረጋገጡ የማይችሉ ዐረፍተ ነገሮች እንዳሉ ተናግሮ ነበር። ጎደል ግን እንደ ኮምት ዝም ብሎ «አይቻልም» አላለም፤ ወሰኑን በማስረጃ አሳየ። ከሁሉም የምንማረው ይህ ይመስለኛል፦ «ገና አላውቅም» ማለት ለማንም የተፈቀደ ነው፤ «ሊታወቅ አይችልም» የሚል ሰው ግን ማስረጃ ያቅርብ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የኛ «አይታወቅም» ላቲኑ ያልያዘው ሦስተኛ ትርጉም አላት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሞቱ ተባለ። የት ተቀበሩ? «አይታወቅም»። በ1984 ዓ.ም. አፅማቸው እዚያው ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ተገኘ፤ በ1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። ታዲያ እነዚያን ዓመታት ሁሉ እውን አይታወቅም ነበር? የቀበሩት ያውቁ ነበር እኮ!

ሥነ ጽሑፍ ለምናጠና ደግሞ ከዚህ የቀረበ ቁስል አለን። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ መጽሐፉ ታገደ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ስለ መጨረሻው ስንጠየቅ ሁላችንም «አይታወቅም» ብለን እናልፋለን፤ እኔም እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ። ግን የሰው ልጅ መጥፋት እንደ ንቃተ ኅሊና ምንጭ የተፈጥሮ ምሥጢር አይደለም። ሰው ያደረገውን ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ እዚያ ላይ ትክክለኛው ቃል «አልተነገረንም» ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። «አይታወቅም» ያለ ሰው ጥያቄውን ዘግቶ ይሄዳል፤ «አልተነገረንም» ያለ ግን ማን ነው ያልነገረን ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የታሪክ ጽሑፍ ስንጽፍ ቢያንስ ይህችን እንለይ።