የቁልቁለቷ ኮሮላ

እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ አንዲት ኮሮላ ነው። አዎ፣ ኮሮላ። ፌራሪ የጠበቀ ካለ ቅር አይበለው፤ የዚህች ጉድ ይበልጣል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

ዘመኑ 1983 ነው። ቶዮታ አዲሱን የኮሮላ ትውልድ ጃፓን ውስጥ ለገበያ አወጣ። ያኔ መኪና ሠሪው ሁሉ ፊቱን ወደ አንድ ወገን አዙሮ ነበር፤ ሞተሩን ከፊት አጋድሞ መጫንና የፊት ጎማዎች መኪናውን እንዲጎትቱ ማድረግ። ወደ ኋላ የሚዘልቀው ረጅም ሻፍት ይቀራል፣ ለተሳፋሪ እግር ቦታ ይገኛል፣ ክብደትም ወጪም ይቀንሳል። ባለ አራት በሩ ኮሮላ ወደዚያው ዞረ። ሁለቱን የስፖርት ልጆች፣ ሌቪንንና ትሩኖን ግን፣ ቶዮታ በአሮጌው ሥርዓት ተዋቸው። ሞተሩ ከፊት ሆኖ የሚገፉት የኋላ ጎማዎች ናቸው፤ የኋላው አክስልም አንድ ወጥ ነው። ከሥር ያለው አካል በአብዛኛው ከቀድሞው ትውልድ የተወረሰ ነው። ታሪኩን ሁሉ ያመጣው እንግዲህ ያ ሳይለወጥ የቀረው ነገር ነው።

የሁለቱ የፋብሪካ መለያ ኤኢ86 ነው፤ ጃፓኖቹ ሃቺ ሮኩ፣ ስምንት ስድስት፣ ብለው አሳጠሩት። ሞተሯ 1587 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ 16 ቫልቭ፣ ከላይ ሁለት ካምሻፍት ያለው ነው። በዚያን ጊዜው የጃፓን አለካክ 130 የፈረስ ጉልበት ተጻፈላት። ዛሬ ይህን ያህል ጉልበት ያለው መኪና ልጆችን ትምህርት ቤት ያደርሳል እንጂ ማንንም አያስደነግጥም። ክብደቷ ግን ከ1000 ኪሎ በታች ነበር፤ ሚስጥሩ እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልሻገር። ታላቅ ይቀድማልና ከኩኒሚትሱ ታካሃሺ ልጀምር። እሳቸው የተነሱት በሞተር ሳይክል ነው። በ1961 ጀርመን ሆከንሃይም ላይ በ250 ሲሲ ሆንዳ አሸንፈው፣ የዓለም ሻምፒዮና ግራንድ ፕሪ ያሸነፉ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ሆኑ። በዓመቱ በማን ደሴት ውድድር ክፉኛ ወደቁ፤ ከሞት ነው የተረፉት። ከዚያ በኋላ አራት ጎማ ይሻለኛል ብለው ወደ መኪና ገቡ። ግን እዚያም አደብ አልገዙም። ሌላው ነጂ ኩርባው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን አብርዶ፣ መኪናውን አረጋግቶ ይዞራል። ታካሃሺ ሳያበርዱ ይገባሉ። የመኪናዋ ኋላ ያፈተልካል፣ አራቱም ጎማ ይንሸራተታል፣ አፍንጫዋ ግን ቀድሞ መውጫውን አይቷል። ሌላው ገና መሪውን ሳይመልስ እሳቸው ነዳጅ ረግጠው ሄደዋል።

በዚህ ስልት ከተማረኩት አንዱ በ1956 በተራራማው ናጋኖ የተወለደው ኬይቺ ጹቺያ ነው። ልጁ ሌሊት ሌሊት በተራራ መንገድ ላይ ሲለማመድ ኖሮ በ1977 በፉጂ ተራራ ሥር ባለው የፉጂ ስፒድዌይ የጀማሪዎች ውድድር ውስጥ ገባ። በ1984 ሃቺ ሮኩን ይዞ ቀረበና ደጋግሞ አሸነፈ። ማሸነፉስ ደግ፤ ሕዝቡን ያሳበደው አዟዟሩ ነበር። የድሪፍት፣ ማለትም የመንሸራተት፣ ንጉሥ የሚለው ስም ከዚያ ወዲያ አልለቀቀውም።

እዚህ ላይ ትረካውን ገታ አድርጌ አንድ ነገር ልናገር። የተራራው የሌሊት ሩጫ በሕዝብ መንገድ ላይ የሚደረግ ነበር። በአንዱ ኩርባ ማዶ ከሥራ የሚመለስ ሰው ሊኖር ይችላል። እኔ ይህን ጀግንነት ብዬ አላወራላችሁም። የመንገድ ባለሥልጣኖቹም በየኩርባው አስፋልት ላይ ጉብታ እየደረደሩ መልስ ሰጥተውበታል። ውድድር የሚያምረው አጥር ባለበት፣ አምቡላንስ በቆመበት፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ በሚሄድበት ሜዳ ነው። ወደዚያ ሜዳ ልውሰዳችሁ።

አንድ ወጣት አስቡልኝ። ስም አልሰጠውም፤ እንደ እሱ ያለው ብዙ ነበርና። ጊዜው የ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ሃቺ ሮኩ በ1987 መመረቷ ቆሟል፤ ያገለገለች ሃቺ ሮኩ የወር ደሞዝተኛ የሚደፍራት መኪና ሆናለች። ልጁ ገዛት፣ አጠባት፣ ዞር ዞር ብሎ አያት፣ ከዚያ ምን አሰበ? ሞተር! ጉልበት ልጨምር አለ። ጋራዥ ሲሄድ እጁ በዘይት የጠቆረው መካኒክ አንገቱን ነቀነቀ። «መጀመሪያ ፍሬን» አለው።

ለምን ፍሬን? ከቶኪዮ ወጣ ብሎ ኢባራኪ ውስጥ በ1970 የተከፈተ ጹኩባ የሚባል የውድድር ሜዳ አለ፤ ዙሪያው 2.045 ኪሎ ሜትር ነው። አጭር ነው፤ ማረፊያ የለውም። ከቀጥታው መንገድ በሙሉ ፍጥነት መጥተህ ፍሬን፣ ታጥፈህ ወጥተህ እንደገና ፍሬን። ለከተማ የተሠራ የፍሬን ሸራ ይህን አይችልም፤ ይግላል፣ መጨበጡን ይተዋል። ከሸራው የባሰው ደግሞ ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከጊዜ ብዛት እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የገባበት ዘይት ቶሎ ይፈላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል። ያኔ ፔዳሉን ስትረግጠው እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ መኪናዋ ግን መሄዷን አትተውም! ስለዚህ አዲስ ሸራ፣ ሙቀት የሚችል አዲስ ዘይት። ማንም አያየውም፣ ፎቶ አይነሳም፤ ግን ዋናው እሱ ነው።

ቀጥሎ ጎማ። ከዚያ ወንበር፤ አዎ፣ ወንበር። የፋብሪካው ወንበር ላይ ያለ ሰው ኩርባው ሲወረውረው መሪውን ተንጠልጥሎ ይይዛል፤ የተንጠለጠለ እጅ ደግሞ መንዳት አይችልም። ገላን ግራና ቀኝ አቅፎ የሚይዝ ወንበርና ጠንካራ ቀበቶ ሲገጠም እጁ ነፃ ይወጣል። ከዚያ የኋላው ዲፈረንሻል። ተራው ዲፈረንሻል ኩርባ ላይ ጉልበቱን የሚያባክነው ክብደት በቀለለው የውስጠኛው ጎማ ላይ ነው፤ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል፣ መኪናዋ ጉልበት ታጣለች። የሚቆልፈው ዓይነት ከተገጠመ ሁለቱም ጎማዎች እኩል ይገፋሉ፤ ነጂውም ኋላዋን በነዳጅ መምራት ይችላል። ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ።

ክብደት መቀነስ ደግሞ የድሃ ቱርቦ ነው። የኋላ ወንበር ይውጣ፣ ምንጣፍ ይውጣ፣ ድምፅ ለማፈን ወለሉ ላይ የተለጠፈው ሬንጅ እየተፋቀ ይውጣ። የጃፓን ቦሎ ግን ቀልድ አያውቅም፤ በየጊዜው ጥብቅ ምርመራ አለ፣ ስለዚህ ባለ መኪናው ያወጣውን መልሶ ሲገጥም ይከርማል። ሞተሩ የሚነካው ከሁሉ በኋላ ነው። ከ1991 ጀምሮ ቶዮታ የዚያኑ ሞተር ባለ 20 ቫልቭ ታናሽ ወንድም አወጣ፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ የአየር መክፈቻ አለው። ብዙዎች ያንን አምጥተው ሃቺ ሮኩ ላይ ጫኑት። ድምፁን የሰማ ሰው ሬዲዮ አይገዛም።

አሁን ልጃችን ጹኩባ ገብቷል። የመጀመሪያው ኩርባ ደረሰ። በቀኝ እግሩ ፊት ፍሬን እየረገጠ፣ በዚያው እግር ጎን ነዳጁን ነካ ያደርጋል፤ ማርሹ ሲወርድ ሞተሩ ከጎማው ጋር እንዲስማማ ነው። ፍሬን ሲረገጥ የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ይጋደላል፤ የፊት ጎማዎች መሬቱን ይነክሳሉ፣ የኋላዎቹ ይቀላሉ። መሪውን ሲያዞር ቀለል ያለው ኋላ መውጣት ይጀምራል። እዚህ ነው እንግዲህ ወንዱ የሚለየው ይላሉ፤ እኔ ግን ሴቶችም እንደሚነዷት ስለማውቅ ነጂው የሚለየው እዚህ ነው እላለሁ። የደነገጠ ነዳጁን ይለቃል። ሲለቅ ክብደቱ ጨርሶ ወደ ፊት ይሄድና መኪናዋ እንደ እንዝርት ትሾራለች። ያልደነገጠ መሪውን በተቃራኒው መልሶ ነዳጁን በልኩ ይሰጣል፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ጎማዎቹን ይጫናል።

እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ የሚያጨሰው ድሪፍት በሰዓት መያዣ ሲለካ ፈጣን አይደለም። በዛሬ ጎማ ፈጣን የሚሆነው በጥቂቱ ብቻ የሚንሸራተት ነው፤ ከዚያ ያለፈው ለተመልካች ነው። ጹኩባ ላይ መኪና የሚያሻሽሉ ሰዎች ሕልም አንድ ዙር ከአንድ ደቂቃ በታች መግባት ነው። ሃቺ ሮኩን አቅልለው፣ ሞተሯን አስልተው፣ ያለ ቱርቦ እዚያ ያደረሷት አሉ። ጉልበቷ ትንሽ በመሆኑ ኩርባ ላይ የጠፋ ፍጥነት በቀጥታው መንገድ አይመለስም። በ400 ፈረስ መኪና ያጠፋኸውን በነዳጅ ትሸፍነዋለህ። በዚህች ግን የሠራኸው ስህተት እስከሚቀጥለው ኩርባ ድረስ አብሮህ ይሄዳል።

በ1995 ሁለት ነገር ሆነ። የመጀመሪያው ፈረንሳይ ውስጥ፣ ለማን በሚባል ከተማ ነው። ታካሃሺ በ55 ዓመታቸው ቡድናቸውን ይዘው በሆንዳ ኤንኤስኤክስ ቀረቡ። አብረዋቸው የነዱት አኪራ ኢዳና፣ ማን መሰላችሁ፣ ጹቺያ ናቸው። ያ የ24 ሰዓት ውድድር አብዛኛው በዝናብ ነበር። መንገዱ አዳልጦት ስንቱ ባለ ብዙ ጉልበት ሲቸገር፣ መንሸራተትን ኑሯቸው ያደረጉት መምህርና ተማሪ ጂቲ2 በሚባለው ምድብ አንደኛ፣ ከሁሉም ስምንተኛ ሆነው ገቡ። ጹቺያ ከአራት ዓመት በኋላ በቶዮታ ከሁሉም ሁለተኛ ወጥቷል፤ የሚበልጥ ውጤት ነው፣ ለእኔ ግን የዝናቡ ይጥማል።

ሁለተኛው፣ ሹይቺ ሺጌኖ የተባለ ሠዓሊ ኢኒሻል ዲ የሚል የሥዕል ታሪክ ማሳተም ጀመረ። የአባቱን ቶፉ፣ ማለትም የአኩሪ አተር አይብ፣ ጎሕ ሳይቀድ ተራራ ላይ ላለ ሆቴል የሚያደርስ ልጅ ታሪክ ነው። መኪናው ጥቁርና ነጭ ትሩኖ ነች። አባትዬው ቶፉው እንዳይሰባበር ውኃ የሞላ ኩባያ መኪናው ውስጥ ያስቀምጥለታል፤ ሳታፈስ ውረድ ነው ነገሩ። የጫት አይሱዙ በሌሊት ሲከንፍ ያየ አበሻ ይህን ታሪክ ለመረዳት አስተርጓሚ አይፈልግም፤ የእኛዎቹ ኩባያውን ቢለምዱ እንዴት ጥሩ ነበር! ሥራው እስከ 2013 ዘለቀ። በፊልም ሲሠራ አማካሪው ጹቺያ ነበር። ከዚያ ወዲያ የደሞዝተኛዋ መኪና ዋጋ ሰማይ ወጣ። ከዱሮ ባለቤቶቿ ያላወቁት ሸጧት፣ ብልጦቹ ደግሞ ሸራ አልብሰው አስቀመጧት። በ2021 ቶዮታ ራሱ አንዳንድ መለዋወጫዋን እንደገና ለመሥራት መወሰኑን አስታወቀ። በ2023 ቶኪዮ አቅራቢያ አንዷን በሃይድሮጅን፣ ሌላዋን በኤሌክትሪክ አስነስቶ አሳየ። የኤሌክትሪኳ ፍሪሲዮንና የእጅ ማርሽ አላት፤ ለምን እንደሆነ ነጂ ሁሉ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ሰው ምን ይደረግለታል ላላችሁኝ፣ ከቤታችሁ ውጡና መንገዱን እዩ። ዲኤክስ የምንላት አሮጌዋ ኮሮላ ያቺው ቀዳሚዋ ትውልድ ናት፤ እሷም በኋላ ጎማ የምትገፋ፣ ከሥር የሃቺ ሮኩ ታላቅ እህት። ልጆቹ ዝቅ አድርገው፣ ቸርኬ ቀይረው፣ ቀለም ቀብተው ሲያንቆጠቁጧት ዘመዷን የሚያውቁ ጥቂት ናቸው። ማሌዥያና አውስትራሊያ ውስጥ የሃቺ ሮኩን ሞተር አውጥተው እዚህችው ላይ የጫኑ ሞልተዋል። እኛ ዘንድ የሚያስብ ካለ ግን አንድ ሒሳብ ይያዝ። አዲስ አበባ ከፍታው ከ2300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ይተዋል። የተጻፈው 130 ፈረስ መቶ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ፍሬኑ ግን በከፍታ አይራራለትም። የዲኤክስ የኋላ ፍሬን ታምቡር ነው፤ ሞተሩን ከማውረዱ በፊት እሱን ይፈታ፣ የፍሬኑን ዘይትም ያስቀይር። ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረው መቼ እንደሆነ ሻጩን ቢጠይቀው መልስ አያገኝም።