ጥሩንባው፣ መርዶውና የእጅ ስልኩ



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከወጣት አባሎቻችን አንዱ ተነሥቶ፣ «ሁሉም ሰው ስልክ ይዞ ሳለ ለጥሩንባ ነፊ ለምን እንከፍላለን? ሞት ሲደርስ በቴሌግራም ይነገረን» ማለቱ፣ ግማሹ አጨብጭቦ ግማሹ አጉረምርሞም ነገሩ ሳይወሰን ማደሩ ይታወሳል። እኛ በዚያን ዕለት ዝም ብለናል። ነገር ግን ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ሰዎች ነንና ጉዳዩን ከሥሩ ጀምረን ብንጽፈው ይሻላል ብለን አሰብን።

ስልክ ላገራችን የትናንት እንግዳ አይደለም። ራስ መኮንን ከኢጣልያ ሲመለሱ የስልክ መሣሪያ ይዘው ለዐፄ ምኒልክ ያቀረቡት በ1882 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ተዘረጋ። ሰውዬው ሳይታይ ድምፁ ብቻ ቢሰማ ይህ የሰይጣን ሥራ ነው ያሉ ካህናት እንደ ነበሩም ይነገራል። የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ የተቋቋመው ደግሞ በ1945 ዓ.ም. ነው።

ለእኛ ለደጀን ሰዎች ግን ወሬ የሚመጣልን አብዛኛውን ጊዜ በመኪና ነበር። ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን በዐባይ በረሃ አፋፍ ላይ የተቀመጥን ስለሆንን፣ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ሽቅብ እያቃሰተ የሚወጣውን አውቶቡስ እንጠብቃለን። ረዳቱ የታጠፈች ወረቀት ከኪሱ ሲያወጣ የሁላችንም ልብ ይመታ ነበር።

የጥንቱ ቴሌግራም የሚከፈልበት በቃል ቁጥር ነበር። ስለዚህ የሚጻፈው አጭር ነው፤ «አባትህ ታመዋል ቶሎ ድረስ»። ያረፈውን ሰው ታሟል ማለት ውሸት ቢመስልም ማንም እንደ ውሸት አይቆጥረውም ነበር። የመርዶ ሥርዓታችን እንዲያ ነዋ! ሩቅ አገር ሰው የሞተበት ቤተ ዘመድ ወዲያው አይነገረውም። መጀመሪያ ሽማግሌዎች ይመክራሉ፤ ነፍሰ ጡር አለች ወይ፣ ልቡን የሚያመው አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያ ባለመርዶው ከቤቱ ሳይወጣና መንገድ ላይ ከሌላ ሰው ሳይሰማ፣ ጎሕ ሳይቀድ የንስሐ አባቱና ጎረቤቱ ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። የሚወድቅ ቢሆን የሚደግፈው እጅ አጠገቡ አለ። ለዚህ ሁሉ ጊዜ የሰጠን የመንገዱ ርቀት ኖሯል ለካ።

የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ እየቆየም ወደኛ ደረሰ። ጥቅሙን የሚክድ ሰው ዐይኑን የጨፈነ ነው። ቀድሞ አዲስ አበባ ያለ ልጅ የሚደርሰው ለሰልስት ሲሆን፣ እሱም ከቀናው ነው። አሁን ማታ ተነግሮት በማግሥቱ ከቀብር ይደርሳል፤ አባቱን አፈር ያለብሳል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ስለመጣም ሩቅ ያለው አባል መዋጮውን ካለበት ሆኖ ይልካል። የቅጣት ገንዘብ ቀነሰብኝ ብሎ ገንዘብ ያዣችን እስኪያሾፍ ድረስ ማለት ነው።

ጉዳቱንም እንናገር። የአንድ ወዳጃችን ልጅ አዲስ አበባ ከሥራ ቦታዋ ደረጃ ላይ ቆማ ስልኳን ብትከፍት፣ የአባቷን ፎቶግራፍ ከሻማ ጋር «ነፍስ ይማር» ከሚል ጽሑፍ በላይ አየች። አስከሬኑ ገና አልተገነዘም ነበር። የለጠፈው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ለክፋት ሳይሆን ቀድሞ ለማዘን ብሎ። ልጅቱ ከዚያው ደረጃ ወደቀች፤ አጠገቧ የሚያውቃት አንድ ሰው አልነበረም። እኛ ራሳችንም አንድ ጊዜ «ሞተናል»። የስም መመሳሰል ነበር። ደብረ ማርቆስ ያለችው እኅታችን እያለቀሰች 70 ኪሎ ሜትር ያህል መጥታ ቡና ስንጠጣ አገኘችን፤ ከደስታዋ ይልቅ ቁጣዋ በረታ። በሟች ስም የሐሰት መዋጮ የሚሰበስቡም አሉ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ይቀጣል፤ ብሩ ከሄደ በኋላ ግን ማን ያገኘዋል?

ወጣቶቻችን ጥሩንባውን ቆርቆሮ ብቻ አድርገው ማየታቸው ልክ አይመስለንም። ጥሩንባ ነፊያችን በራሱ ፈቃድ ነፍቶ አያውቅም። አስቀድሞ ሊቀመንበሩ ለቅሶ ቤት ሄደው ያረጋግጣሉ፤ ለቅርብ ዘመድ መነገሩን ይጠይቃሉ፤ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ከባለቤቶቹ ይሰማሉ፤ ከዚያ ነው «ንፋ» የሚባለው። በስልኩ ላይ ይህን የሚጠይቅ የለም፤ ጣቱ የፈጠነ ይነፋል።

ደግሞም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። ያኔ የቴሌግራሙ ቡድን የት ነበረ? ጥሩንባው ግን መብራትም ካርድም አልጠየቀም። ስልክ የሌላቸው አሮጊቶቻችንም ከጓዳቸው ሆነው ሰምተውታል።

ስለዚህ ለሚመጣው ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ጥሩንባው ይቆይ፤ ስልኩም ይሥራ፤ ነገር ግን በስልክ የሚላከው ጥሩንባው ከተነፋ በኋላ ይሁን። በአባላት መዝገብም ከስልክ ቁጥሩ ቀጥሎ «መርዶ በቅድሚያ የሚነገረው ሰው» የሚል አንድ ዓምድ ይከፈት። ሩቅ አገር ልጅ ያላችሁ፣ እዚያው ልጃችሁ አጠገብ የሚኖር፣ ሄዶ በሩን የሚያንኳኳ የአንድ ዘመድ ወይም ወዳጅ ስምና ቁጥር አስመዝግቡ። መዝገቡን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከድንኳን ማስቀመጫው ፊት ይዘን እንቀመጣለን። ቁጥር የለወጣችሁም እግረ መንገዳችሁን አስተካክሉ፤ ባለፈው ስንደውል የማናውቀው ሰው ያነሣብን ጥቂት አይደለም።