ከልቃቂት እስከ ጥለት፦ ሸማ በስንት እጅ ይሠራል?

ሽሮ ሜዳ ላይ ከእንጦጦ መንገድ ግራና ቀኝ የተሰቀለው ቀሚስ፣ ነጠላና ጋቢ ከሩቅ ዐይን ይስባል። ገበያተኛዋ ጥለቱን በጣቷ እየዳበሰች ዋጋ ትጠይቃለች፤ ያ ጨርቅ በስንት እጅ አልፎ እዚያ እንደደረሰ ግን ከመስቀያው ላይ አይነበብም። ማጉን የፈተለችው ስልሳ ዓመት ያለፋት ባልቴት ልትሆን ትችላለች። ክሩን ቀሰም ላይ ያጠነጠነው ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ ነው። የሸመነው አባቱ፣ ዘርፉን የቋጨችው እናቱ ናት። አንድ ነጠላ የአያት፣ የወላጅና የልጅ ሥራ ሆኖ ይወጣል።

የጥጥ ታሪክ በኢትዮጵያ ረጅም ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን በኖባ ላይ ያደረገውን ዘመቻ ባስቀረጸበት ድንጋይ ላይ፣ ሠራዊቱ ካጠፋቸው የጠላት ሀብቶች መካከል እህልና ጥጥ ጎን ለጎን ተጠቅሰዋል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1769 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በዐድዋ ሲያልፍ፣ እዚያ የሚሸመነው ወፍራም የጥጥ ጨርቅ በየአውራጃው እንደ ገንዘብ ሲገበይበት አይቶ ጽፏል። በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ደግሞ ሽመናው በአብዛኛው በእስላሞችና በቤተ እስራኤል ባለሙያዎች እጅ ነበር። ከተማው፣ ሃይማኖቱና ቋንቋው ቢለያይም ሥራው በየቤቱ የሚከፋፈልበት መንገድ ብዙ አይለያይም።

ሥራው የሚጀምረው ከፍሬው ነው። ጥጡ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይደረግና ቀጭን ብረት ይንከባለልበታል፤ ይህ መዳመጥ ነው፣ ፍሬው ከጥጡ ይለያል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት ሲመታ ጥጡ እየተበተነ እንደ አረፋ ይነሣና ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ወደ ፈታይዋ ሲደርስ ቤቱ ጸጥ ይላል። ግራ እጇ ባዘቶውን ይይዛል፣ ቀኝ እጇ እንዝርቱን አሽከርክሮ ይለቀዋል፤ ክሩ በሁለቱ እጆቿ መካከል እየረዘመ ይወጣል። ክንዷ እስኪዘረጋ ከሳበችው በኋላ እንዝርቱ ላይ ትጠቀልለዋለች፣ እንደገናም ትለቀዋለች። ዐይኗ የደከመ ሴት እንኳ ክሩ የት ላይ እንደወፈረና የት ላይ እንደሳሳ በጣቷ ታውቃለች። እንዝርቱ ሲሞላ ልቃቂት ይሆናል። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ማግ ለመፍተል ሳምንታት ይፈጃል፤ ጋቢ አራት ድርብ ነውና ጥጥ አይጠግብም።

መፍተል የአንድ ወገን ሥራ ሆኖ አያውቅም። ሽመና የተወሰኑ ማኅበረሰቦች ሙያ ሆኖ ሲቆይ፣ ፈትል ግን ከወይዘሮ እስከ ገረድ የሴት ሁሉ ዕውቀት ነበር። የመኳንንት ሚስቶች በዕልፍኛቸው ሲፈትሉ ማየት የውጭ አገር ተጓዦችን ያስገርም ነበር። ጎረቤት ለቡና ሲጠራራ እንዝርት ይዞ መምጣት የተለመደ ነው፤ ልጃገረዷም የምትማረው እዚያው ነው። መጀመሪያ የተበላሸ ጥጥና አሮጌ እንዝርት ይሰጣታል። ክሯ ይበጠሳል፣ ትቀጥለዋለች፣ ደግሞ ይበጠሳል። የመጀመሪያው ልቃቂቷ ለሸማ የማይሆን ቢሆንም ለመቀነት ወይም ለመሸበቢያ ይውላል እንጂ አይጣልም።

ወንዱ ልጅ ደግሞ በቀሰም ይጀምራል። ቀሰም በመወርወሪያው ውስጥ የምትገባ ትንሽ የሸምበቆ ቁራጭ ናት፤ ማጉ የሚጠነጠነው እሷ ላይ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ክሩ ላልቶ ከተጠነጠነ ግን መወርወሪያው ሲሮጥ ተተርትሮ ይወጣል፣ ከድሩም ጋር ይተበተባል፤ አባትየው ሥራውን አቁሞ ሲፈታ ይውላል። ልጁ ትክክለኛውን ውጥረት የሚያውቀው አባቱ መወርወሪያውን ሲያቆም ሲሰማ ነው። ቀጥሎ ድር ማድራቱን ይረዳል። ሸማኔው ከመሸመኛው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰድዳል፣ በእግር ጣቶቹ መርገጫውን እየያዘ ድሩን ይከፍታል። አባት ለምሳ ሲነሣ ልጁ ቦታው ላይ ዘልሎ ይቀመጣል፤ አንድ ስንዝር ያህል ሞክሮ ይነሣል። ጥለት የሚጥልበት ቀን የሚመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ጥለት በቁጥር ይሠራል፣ ቁጥሩም የተጻፈ ሳይሆን በሸማኔው አእምሮ ያለ ነው።

ይህን ሁሉ ሙያ የያዘው ሰው በአደባባይ ክብር አልነበረውም። ሸማኔው “ቁጢት በጣሽ” እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ ብረት ሠሪውም ቆዳ ፋቂውም የየራሳቸው ስድብ ነበራቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ስድቡን በአንድ ጀምበር አላጠፋውም። በአዲስ አበባ የቀጨኔ ሴቶች ሸክላ ሠሪዎች፣ ወንዶቹ ሸማኔዎችና ብረት ሠሪዎች ሆነው ከተማዋን ሲያለብሱና ሲያበስሉላት፣ “ቡዳ” የሚለው ስም ለትውልድ ተጭኖባቸው ኖሯል። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ብቻ እንዲተላለፍ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ ከውጭ መጥቶ ልማር የሚል አልነበረም።

የከተማዋን ሽመና የለወጡት ግን ከደቡብ የመጡት ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የጋሞ ደጋ በምኒልክ ግዛት ሥር ሲጠቃለል፣ የጨንቻና የዶርዜ ሸማኔዎች ወደ አዲሲቱ ዋና ከተማ መንገድ ጀመሩ። በጉለሌ ተዳፋት ላይ፣ በሽሮ ሜዳና በአዲሱ ገበያ አካባቢ ሰፈሩ። ከተለያዩ የጋሞ አካባቢዎች ቢመጡም ከተማው ሁሉንም “ዶርዜ” አላቸው። በቀርከሃ ተሠርተው በእንሰት ቅጠል ከሚከደኑት ረጃጅም ቤቶቻቸው ርቀው በጠባብ የኪራይ ቤት ወለል ላይ ጉድጓድ ቆፈሩ። ከቤቱ ግማሹ መኝታ፣ ግማሹ ሥራ ቤት ሆነ።

ፋብሪካም መጣ። የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ በ1939 እ.ኤ.አ. በጣሊያኖች ተቋቋመ፣ ባሕር ዳርም በ1953 ዓ.ም. የራሷን አገኘች። ብዙ ሸማኔ ድሩን የፋብሪካ ክር አደረገ፤ ጠንካራ ነው፣ አይበጠስም። ማጉ ግን በእጅ የተፈተለ ሆኖ ቀረ፣ ምክንያቱም ለስላሳውና ሙቀት ያለው እሱ ነው። እንዝርት ከእናቶች እጅ ሳይወጣ የቆየው በዚህ ነው።

ሙያው ወደ ከተማ ሲመጣ ግን የዕድሜው ሥርዓት ተናጋ። በአገር ቤት ቀሰም የሚያጠነጥነው ልጅ የቤቱ ልጅ ነበር፤ ከብት ይጠብቃል፣ ይጫወታል፣ ያድጋል። በከተማ ግን ትርፍ የሚያገኘው ብዙ ጨርቅ ያወጣ ነው፤ በመሆኑም ከጋሞ መንደሮች “እናስተምራችኋለን” እየተባሉ የመጡ ሕፃናት ከጎህ እስከ ሌሊት ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጡበት ጊዜ መጣ። እነዚህ ልጆች ሙያውን ተማሩ፤ ፊደልን፣ ጨዋታንና እናታቸውን ግን አጡ። በየቤቱ የልጅ ሥራ የነበረው የጎልማሳ ሥራ ሆኖ በልጅ ትከሻ ላይ ወደቀ። የሸማ ታሪክ ሲጻፍ ይህ ገጽ ሊታለፍ አይገባም።

ሽመናን ከቤት አውጥቶ በጋራ ለማስተማር የተደረገው ሙከራም ታሪክ አለው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በአዲስ አበባ የእቴጌ መነን የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት የአገሩን ሙያ በክፍል ውስጥ ማስተማር ያዘ። ደርግ ሸማኔዎችን በኅብረት ሥራ ማኅበር አደራጀ። ከዚያም የጥቃቅንና አነስተኛ ሥራ ሼዶች መጡ። ሼድ ውስጥ መብራት አለ፣ አየር አለ፤ ፎቅ ላይ ጉድጓድ ስለማይቆፈር መሸመኛው ከፍ ባለ የእንጨት ክፈፍ ላይ ቆመ፣ የሸማኔውም ጉልበት ከቅዝቃዜ ዳነ። በሼዱ ውስጥ ግን ሸማኔው ብቻ ነው ያለው። ፈታይዋ እናት ከነእንዝርቷ ቤት ቀርታለች፤ ማጉ በነጋዴ በኩል ይመጣል።

አንዳንድ ሥራ ቤቶች ይህን ክፍተት ዐይተውታል። በእንጦጦ የማገዶ እንጨት በጀርባቸው ይሸከሙ የነበሩ ሴቶች ባቋቋሙት ማኅበር፣ የወንድ ሙያ ነው ሲባል የኖረውን ሽመና ሴቶች ተምረው ስካርፍ ይሸምናሉ። በ2004 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተቋቋመው ሳባሃር የተባለ የሽመና ድርጅት ደግሞ ከጥጥ ሌላ የሐር ትል እያረባ፣ ክሩን በየቤታቸው ከሚፈትሉ ሴቶች ይገዛል፤ ባልቴት ከልጅ ልጇ አጠገብ ሆና ለምትሠራው ሥራ በስሟ ይከፈላታል። የሸማኔ ልጅ በሰባት ዓመቱ በጨዋታ የሚያገኘውን የእጅ ልምድ በአርባ ዓመት መማር ከባድ ነው። የእንጦጦዋ ጀማሪ ድር ይበጠሳል፤ ሠላሳ ዓመት የሸመነው መምህር አጎንብሶ ይቋጥርላታል።

መስከረም ሲጠባ የሽሮ ሜዳ ደንበኞች ይጣደፋሉ፤ ለመስቀል ያልደረሰ ቀሚስ ከበዓሉ በኋላ ነው የሚገኘው። የጋሞ ሸማኔ የትም ቢሆን ለመስቀል አገሩ ይገባል። ድሩ እንደተወጠረ፣ መወርወሪያው ከነቀሰሙ ጨርቁ ላይ እንደተቀመጠ ሥራ ቤቱ ይዘጋል። ዶርዜ ላይ ግን በአያት ቤት ጉድጓዱ ክፍት ነው፤ ከከተማ የመጣው አጎት ቅቤና ቆጮ ሲበላ፣ የወንድሙ ልጅ ቦታው ላይ ወጥቶ እግሩ መርገጫው ጋ ይደርስ እንደሆነ ይሞክራል።