ቂጥኝ ሁሉ ሲፊሊስ ነበርን? በአንድ ስም ላይ የቀረበ ሙግት

ጁባ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ነፍሰ ጡር ማንጋቴን ሰፈር ለእርግዝና ክትትል ሄደች እንበል። ጣቷ ይወጋል፤ የደም ጠብታው መመርመሪያው ላይ ያርፋል፤ ማሟሟቂያ ፈሳሽ ይታከልበታል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ብቅ ይላሉ። አንደኛዋ መመርመሪያው መሥራቱን ታሳያለች። ሁለተኛዋ ደግሞ የሴትዮዋ ሰውነት ትሬፖኔማ የተባለውን ባክቴሪያ በሆነ ዘመን እንዳወቀው ትመሰክራለች። መቼ? ከማን? በምን መንገድ? መስመሯ ዝም ትላለች። «ቂጥኝ» የሚለው ቃል ከተነገረ በኋላ ግን ዝምታ የለም፤ ነገሩ በቀጥታ ባል ላይ ያርፋል።

ይህ ዝላይ የቆየ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊዎቻችንም አብረው ዘለውታል ባይ ነኝ።

በሽታው ራሱ አያከራክረንም። ሾዲንና ሆፍማን በ1905 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ተህዋሱን አገኙ፤ በዓመቱ የዋሰርማን የደም ምርመራ መጣ፤ በ1943 ፔኒሲሊን ፈዋሽነቱን አስመሰከረ። ሲፊሊስ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ፅንስ ይተላለፋል። ይህ ይበቃል።

የኔ ጠብ ከተጓዦቹና ቃላቸውን ካመኑት ጋር ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን መንገደኞች ኢትዮጵያን በሲፊሊስ የተጥለቀለቀች አገር አድርገው ሣሏት። ከ1921 እስከ 1929 ሦስት ቅጽ ያሳተመው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ፋርማሲ የከፈተው ጆርጂያዊው ሐኪም ሜራብም ከዚህ ሥዕል ብዙ አልራቀም። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እነዚህን ምስክርነቶች በማይደገም ትጋት ሰበሰቡ። ባለውለታችን ናቸው፤ ነገር ግን እንዳነበብኋቸው ከሆነ የመንገደኛውን «ሲፊሊስ» በአመዛኙ እንደተጻፈ ተቀብለው ነው ያለፉት። አንድ በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው የተበላ አፍንጫ አይቶ የበሽታውን መንስኤ እንዴት አወቀ?

ያ አፍንጫ የቁንጭር ሥራ ሊሆን ይችል ነበር። በደጋችን ቁንጭር የሚያመጣው ጥገኛ፣ ሽኮኮ ውስጥ የሚኖረውና በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ሌይሽማኒያ ኤቲዮፒካ፣ ስሙን ያገኘው በ1973 ነው። አፍንጫና ከንፈርንም ያጠፋል። ቁምጥናም እንዲሁ። የደብተራው የመድኃኒት መጽሐፍ (ግሪዮል በ1930፣ ስትሬልሲን በ1968 ያሳተሟቸውን ዓይነት) ለበሽታ ስም የሚሰጠው በአብዛኛው በሚታየው ምልክት ነው። «ቂጥኝ» ራሱ «ቂጥ» ከሚለው ቃል የወጣ ከሆነ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ስሙ ቁስሉ የወጣበትን ቦታ ይናገራል። በመቀመጫ አካባቢ የሚወጣው እርጥብ ጉብታ ደግሞ በሕፃናትም ላይ የሚታይ ምልክት ነው። ሕፃን በምን ግንኙነት ያዘው?

መልሱ ተዘንግቶ የቀረ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ኤሊስ ሃድሰን በሶርያ፣ በኤፍራጥስ ዳር፣ ቤጀል የተባለውን በሽታ ለዓመታት አክሞ በ1958 ግብረ ሥጋ ስለማያስተላልፈው ሲፊሊስ መጽሐፍ አወጣ። ልጆች በአንድ ጽዋ ጠጥተው፣ ተቃቅፈው ተኝተው ይይዛቸዋል። የቅርብ ዘመዱ ያውስም በዚያው መንገድ፣ ቁስል ቁስልን ሲነካ፣ ይተላለፋል፤ በደቡብ ሱዳን ኢኳቶሪያም የታወቀ ነበር። የያውስን ተህዋስ ያገኘው፣ በዚያችው በ1905፣ አልዶ ካስቴላኒ ነው፤ ይኸው ሰው ከ30 ዓመት በኋላ ኢትዮጵያን የወረረውን የጣሊያን ጦር የሕክምና አገልግሎት መራ። ቤጀል፣ ያውስና ሲፊሊስ በአንድ የደም ምርመራ ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ይወጣሉ። በላቦራቶሪ መለየት የሚቻለው የተህዋሱን ዘረመል በመመርመር ብቻ ነው።

«ወታደርና ከተማ በነበረበት ሁሉ እውነተኛው ሲፊሊስም ነበር» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ማን ካደ? ነበረ ማለትና ሁሉም እርሱ ነበር ማለት ይለያያሉ። ሃድሰን የትሬፖኔማ በሽታዎች ሁሉ አንድ በሽታ ናቸው ማለቱን የሚጠቅስም ይኖራል፤ ያ ክርክሬን ያግዝ እንደሆነ እንጂ አያፈርሰውም። እርግጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተወሰደ የደም ናሙና የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር በጥንቃቄ ይያዝ።

ወደ ማንጋቴን እንመለስ። ነፍሰ ጡሯ መታከም አለባት፤ በዚህ ጥርጥር የለም። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በመርፌ ሲሰጣት ከሦስቱ በሽታዎች የትኛውም ቢሆን ይድናል፤ ፅንሱም ይጠበቃል። ሁለተኛ ምርመራ፣ አርፒአር የሚባለው፣ በሽታው አሁን ንቁ ስለመሆኑ ፍንጭ ይሰጣል፤ መጠኑም ከሕክምና በኋላ ይወርዳል። ያቺ የመጀመሪያው ምርመራ ሁለተኛ መስመር ግን ከዳነችም በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልኳን አትጠፋም። ባሏ ከመጠየቁ በፊት ልትጠየቅ የሚገባት እርሷ ናት፤ የት አደገች? በልጅነቷ እግሯ ላይ ቶሎ የማይድን ቁስል ነበረባት?