ክብደቱ የት ገባ? የቀጭኑ የጌም ላፕቶፕ ታሪክ

በዚህ በስደት አገር ልጅ የሚያሳድጉ ከሆነ ይህ ጥያቄ ዛሬ ባይደርስብዎት ነገ መድረሱ አይቀርም። ልጅዎ ኮሌጅ ሊገባ ነው፤ ላፕቶፕ ያስፈልገዋል። ላፕቶፑ ቀን ለትምህርት፣ ማታ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ጌም ለመጫወት እንዲሆነው ይሻል። በዚያ ላይ በቦርሳ ይዞት ስለሚዞር ቀጭንና ቀላል ይሁንልኝ ይላል። እርስዎም ዋጋውን ሲሰሙ ስንት ቀን ሥራ እንደሚጠይቅ በልብዎ ያሰላሉ።

እኔ አገር ቤት ሳለሁ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። ኃይል ከአንድ መልክ ወደ ሌላ መልክ ይለወጣል እንጂ አይጠፋም እያልኩ ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ። ዛሬ ታክሲ ነጂ ነኝ። ለልጄ ላፕቶፕ ልገዛ የሄድኩ ዕለት ግን ያስተማርኩትን ሁሉ ሱቁ በር ላይ ጥዬው ገባሁ። የቺፑን ስም አነበብኩ፣ ቅጥነቱን አደነቅኩ፣ ገንዘቡን ከፈልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ልጄ፣ «አባዬ፣ የጓደኛዬ ላፕቶፕ ያለው ቺፕ የእኔው ነው፤ ግን የእሱ በጣም ይፈጥናል። የእኔ ይግላል፣ ይጮኻል» አለኝ። የጓደኛው ላፕቶፕ ወፍራም ነበር።

«ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ብዬ ሻጩን ልረግም ቃጣኝ። ነገር ግን ማንም አልዋሸኝም። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነበር፤ ያልተጻፈውን መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ምን ብዬ መጠየቅ እንደነበረብኝ የገባኝም ታሪኩን ወደ ኋላ ሄጄ ካየሁ በኋላ ነው። እነሆ ላካፍልዎት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጨዋታ ነው። በ1962 አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስቲቭ ራስል የተባለ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ «ስፔስዋር» የተባለ ጨዋታ ሠራ። ሁለት የጠፈር መርከቦች በአንድ ኮከብ ስበት ዙሪያ እየተሽከረከሩ ይታኮሳሉ። ጨዋታው የተሠራበት ፒዲፒ-1 የተባለው ኮምፒዩተር ወደ 730 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። በዚያ ዘመን መጫወት የፈለገ ሰው ወደ ማሽኑ ይሄዳል እንጂ ማሽኑ ወደ ሰው አይመጣም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ በካሊፎርኒያ የዜሮክስ ምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው አለን ኬይ ስለ አንድ ገና ያልተፈጠረ ማሽን ጽሑፍ አወጣ። ማሽኑን «ዳይናቡክ» ብሎ ጠራው። መጠኑ ከደብተር እንዳይበልጥ፣ ክብደቱ ከ4 ፓውንድ ማለትም ከ1.8 ኪሎ በታች እንዲሆን፣ ዋጋውም 500 ዶላር አካባቢ እንዲሆን ተመኘ። የዚያን ጊዜው 500 ዶላር ዛሬ ከ3,000 ዶላር በላይ መሆኑን ልብ ይበሉ። ጽሑፉ የሚጀምረውም መናፈሻ ሣር ላይ በተጋደሙ ሁለት ልጆች ነው። የሚያደርጉትም በዳይናቡካቸው ስፔስዋር መጫወት ነው። እንግዲህ ልጅዎ ቀጭን የጌም ላፕቶፕ ሲጠይቅዎ አዲስ ቅብጠት አልፈጠረም፤ ሐሳቡ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ሐሳቡን ወደ ብረት መለወጡ ግን ቀላል አልሆነም። በ1981 አዳም ኦስቦርን «ኦስቦርን 1» የተባለውን ተጓዥ ኮምፒዩተር በ1,795 ዶላር ለገበያ አቀረበ። በአውሮፕላን ወንበር ሥር እንዲገባ ታስቦ የተሠራ ሲሆን ሲዘጋ ሻንጣ ይመስላል። ስክሪኑ 5 ኢንች ብቻ ነበር፤ በውስጡ ባትሪ አልነበረውም፤ ክብደቱ ደግሞ 11 ኪሎ ነበር። ዛሬ ብዙ አየር መንገዶች ለእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ብቻ እንደሚፈቅዱ ለሚያውቅ መንገደኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያሻም። በ1983 ገበያ ላይ የዋለው የኮምፓክ ተጓዥ ኮምፒዩተር ደግሞ ወደ 13 ኪሎ ይጠጋ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ኮምፒዩተር ከአይቢኤም ጋር በእርግጥ ይመሳሰል እንደሆነ ለመፈተን ሰዎች ከሚጭኗቸው ፕሮግራሞች አንዱ የማይክሮሶፍት የበረራ ጨዋታ ነበር። ጨዋታ ከጥንትም የማሽን መፈተኛ እንጂ ትርፍ ነገር አልነበረም።

ዛሬ የምናውቀው፣ እንደ መጽሐፍ የሚከፈተውና የሚዘጋው ቅርጽ በ1982 በቢል ሞግሪጅ ንድፍ በተሠራው «ግሪድ ኮምፓስ» መጣ። አካሉ ማግኒዚየም፣ ክብደቱ 5 ኪሎ አካባቢ ነበር። ዋጋው ግን 8,150 ዶላር ስለነበረ ለተራ ሰው አልሆነም፤ ናሳ በጠፈር መንኮራኩር ላይ ተጠቅሞበታል። እዚህ ላይ የታሪኩን ሕግ ማየት እንጀምራለን፤ ክብደቱ ሲቀንስ ወደ ዋጋው ገባ።

በ1990ዎቹ ላፕቶፕ እየቀለለ ሄደ፤ ጨዋታው ግን እየከበደ መጣ። በ1996 ቩዱ የተባለው የግራፊክስ ካርድ ወጣ። በ1999 ደግሞ ኢንቪዲያ ጂፎርስ 256ን አውጥቶ ለዚህ ዓይነቱ ቺፕ «ጂፒዩ» የሚለውን ስም አስለመደ። ከዚያ ወዲህ ጌም የራሱን ቺፕ፣ ቺፑም የራሱን ኤሌክትሪክ ይጠይቅ ጀመር። ኮምፒዩተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል መጨረሻው ሙቀት ነው። 100 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ እንደ 100 ዋት ምድጃ ያሞቃል። ይህ ሙቀት በብረት መምራት፣ በማራገቢያ መውጣት አለበት። ትልቅ ማራገቢያ በዝግታ ዞሮ ብዙ አየር ይገፋል፤ ትንሽ ማራገቢያ ግን ያንኑ ለመሥራት መፍጠን አለበት፤ ጩኸቱም ከዚያ ይመጣል። ለዚህ ነው በ2000ዎቹ የጌም ላፕቶፕ የሚባለው ከአራት ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ስሙ እንጂ ግብሩ ላፕቶፕ ያልሆነ ዕቃ የነበረው።

በሌላ በኩል የቅጥነት ውድድር ተጀመረ። ኢንቴል በ2003 ለላፕቶፕ ብሎ ፔንቲየም ኤምን አወጣ፤ ንድፉ የተሠራው በእስራኤል፣ በሃይፋ ነው። በ2008 ስቲቭ ጆብስ ማክቡክ ኤርን ከወረቀት ፖስታ ውስጥ አውጥቶ ዓለምን አስደነቀ፤ 1.36 ኪሎ ነበር። ገዢው ሕዝብ ቅጥነት ለመደ፤ ጌም ተጫዋቹም «ለእኛስ?» አለ። በ2011 ሬዘር የተባለው ኩባንያ ውፍረቱ 2.2 ሴንቲሜትር የሆነ ባለ 17 ኢንች የጌም ላፕቶፕ በ2,800 ዶላር አቀረበ። በ2013 ደግሞ ባለ 14 ኢንቹን ወደ 1.7 ሴንቲሜትር አቀጠነው፤ ክብደቱም 1.9 ኪሎ ያህል ሆነ። የኬይ 4 ፓውንድ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ዋናው መታጠፊያ የመጣው በ2017 ነው። ኢንቪዲያ «ማክስ-ኪው» የተባለ አሠራር አስተዋወቀ። ስሙ የተወሰደው ከሮኬት ሳይንስ ነው፤ ወደ ላይ የሚወነጨፍ ሮኬት የአየር ግፊት እጅግ የሚበረታበት ነጥብ ማለት ነው። ነገሩን በታክሲ ላስረዳዎት። በሰዓት 55 ማይል ሲነዱና 80 ማይል ሲነዱ የሚገፉት አየር እኩል አይደለም። ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ሲጨምር አየሩን ለመግፋት ሞተሩ የሚያወጣው ኃይል ሦስት እጥፍ ይሆናል። ቺፕም እንዲሁ ነው፤ የመጨረሻዋን ጥቂት ፍጥነት ለማግኘት ቮልቴጁ ከፍ ማለት አለበት፤ ቮልቴጅ ከፍ ሲል ሙቀቱ ከፍጥነቱ ቀድሞ ይሄዳል። ስለዚህ ቺፑን በ80 ሳይሆን በ55 መንዳት፣ ትንሽ ፍጥነት ትቶ ብዙ ሙቀት ማስቀረት፤ የማክስ-ኪው ምሥጢር ይኸው ነው። በዚያው ዓመት አሱስ በዚሁ ዘዴ 1.8 ሴንቲሜትር የማይሞላ ዜፊረስ የተባለ ላፕቶፕ ሠራ። ክዳኑ ሲከፈት ሆዱም አብሮ ይከፈትና አየር ይስባል። ለማቀዝቀዣው ቦታ ለመስጠት ኪቦርዱ ወደ ፊት ስለተገፋ ግን የእጅ ማሳረፊያ አልቀረለትም።

በጥር 2020 አሱስ ዜፊረስ ጂ14ን አሳየ። ባለ 14 ኢንች ሲሆን ክብደቱ 1.6 ኪሎ ነው። ከኤኤምዲ ስምንት ኮር ያለው ቺፕ፣ ከኢንቪዲያ 65 ዋት የሚወስድ አርቲኤክስ 2060 ተገጥሞለታል። የኬይ የክብደት ሕልም፣ እውነተኛ ጌም ከሚያጫውት ማሽን ጋር፣ ከ48 ዓመት በኋላ ደረሰ ማለት ይቻላል። ምስጋናው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁለት ወዶ አይሆንምና የተተወውንም እንይ። የዚያ ዓመት ጂ14 ካሜራ አልነበረውም። ወራት ሳይቆይ ኮቪድ መጣና የዓለም ተማሪ ሁሉ በካሜራ ፊት ተቀመጠ። ባትሪው 76 ዋት-ሰዓት ነው፤ ሁለቱ ቺፖች ተደምረው 100 ዋት ቢወስዱ ሦስት ሩብ ሰዓት እንኳ በቅጡ አይቆይም። ስለዚህ «ተንቀሳቃሽ ጌም» የሚባለው ከቤት ወደ ዶርም፣ ከሶኬት ወደ ሶኬት መንቀሳቀስ ነው።

ይህን ባትሪውን በማሳደግ ማዳን አይቻልም ወይ ይሉ ይሆናል። ከቅጥነቱ ሌላ የአውሮፕላን ሕግም አለ። ያለ አየር መንገዱ ልዩ ፈቃድ ተሳፋሪ ይዞት የሚገባው የሊቲየም ባትሪ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ትልልቆቹ ላፕቶፖች 99 ላይ የሚቆሙት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ልጄ ጥያቄ እንመለስ። በ2021 ኢንቪዲያ አርቲኤክስ 3080ን ለላፕቶፕ ሲያወጣ ላፕቶፕ ሠሪው ከ80 እስከ 150 ዋት ድረስ እንደ ዕቃው ቅጥነት እንዲመርጥ ፈቀደ። ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር በዚያው ስም ይሸጥ የነበረው ካርድ 320 ዋት ይወስዳል፤ ውስጡ ያለው ቺፕ ራሱ የተለየ ነው። ስሙ አንድ፣ ጉልበቱ ግን ሦስት ዓይነት። የልጄና የጓደኛው ልዩነት ይኸው ነበር። ክብደት አይጠፋም፤ ቦታ ይለውጣል። ወደ ዋጋ ይገባል፣ ወደ ጩኸት ይገባል፣ ወደ ዝግታ ይገባል፣ አንዳንዴም ወደ ቻርጀሩ ይገባል። የኃይለኞቹ ላፕቶፖች ቻርጀር ብቻውን ወደ አንድ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል።

ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የቺፑን ስም ብቻ ሳይሆን «ስንት ዋት ነው የሚወስደው?» ብለው ይጠይቁ። ክብደቱን ከነቻርጀሩ ያስመዝኑ። ሜሞሪው በኋላ የሚጨመር ነው ወይስ የተበየደ ብለው ይጠይቁ፤ ቀጭኖቹ ላይ ብዙ ጊዜ የተበየደ ነውና። ማራገቢያው ሲጮኽ ይስሙ፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚያጠና ልጅ ያፍርበታል። ልጅዎ የሚጫወተው ቀላል ጌም ከሆነ ብዙ ዋት አያስፈልገውም፤ ቀጭኑ ይበቃዋል። ለአገር ቤት ዘመድ የሚወስዱት ከሆነ ደግሞ ቻርጀሩ ላይ 100-240 ቮልት የሚል መጻፉን ይዩ፤ ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል።

እኔ ላፕቶፑን አልመለስኩትም። አንድ እሑድ ከልጄ ጋር ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን የሁለቱን ላፕቶፖች ዋት ጽፈን አካፈልን፣ አበዛን። «ታዲያ ሙቀቱ የት ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀኝ። በአለን ኬይ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ልጆችም በጨዋታቸው መካከል የፀሐይ ስበት ጥያቄ ሆኖባቸው ወደ መምህራቸው ይሄዳሉ። እኔ መምህርነቱን ከተውኩ ዓመታት አልፈዋል፤ በዚህ አገርም የፊዚክስ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ያን ዕለት የምሽት ሥራዬን አርፍጄ ነው የወጣሁት።

ቸር ይግጠመን።