የብሎን ጥርስ ታሪክ በአገራችን፤ ከድሬዳዋ ባቡር እስከ ጎሮ ትንንሽ ቶርኖ ቤቶች

ማንኛውም ማሽን ሲፈታም ሆነ ሲገጠም የባለሙያ እጅ አስቀድሞ የሚያርፈው በብሎንና በዳዶ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ድልድዩና ስለ ግድቡ ብዙ ሲጻፍ ሁሉንም አጣምሮ ስለሚይዘው ስለ ብሎን ጥርስ የሚጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥርሱ ከየት ተነሥቶ፣ በየትኞቹ በሮች ወደ አገራችን እንደገባና ዛሬ በአንድ ትንሽ ቶርኖ ላይ የቆመ ሠራተኛ ከዚህ ታሪክ ጋር እንዴት እንደሚታገል ለሙያ ባልደረቦች በአጭሩ ማስረዳት ነው።

ስምምነትን የሚጠይቅ መያዣ

ነባሩ የአገራችን የእጅ ሥራ ያለ ብሎን ለብዙ ዘመናት ኖሯል። አራሹ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር በምራን ያስራል፤ ድግሩን ከሞፈሩ ጋር በወገል ይይዛል፤ ሲላላም በሽብልቅ ያጠብቀዋል። የተበጠሰው እዚያው መንደር ውስጥ ይተካል። ጠፍሩና ወገሉ ከሌላ አገር ከተሠራ ዕቃ ጋር እንዲገጥሙ የሚጠይቅ የለም።

የብሎን ጠባይ ግን ከዚህ ይለያል። ብሎኑን የሠራውና ዳዶውን የሠራው ሰው ፈጽሞ የማይተዋወቁ ቢሆኑም ሥራቸው መግጠም አለበት። ስለሆነም ሁለቱ አስቀድመው በሦስት ነገሮች መስማማት ይገባቸዋል፤ እነዚህም የብሎኑ ውፍረት፣ ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ ያለው ርቀት (በዚህ ጽሑፍ «እርምጃ» የምንለው) እና የጥርሱ ማዕዘን ናቸው። ብሎን ወደ አንድ አገር ሲገባ ከብረቱ ጋር ይህ ስምምነት አብሮ ይገባል። የስምምነቱ ባለቤት ማን እንደሆነ የማያውቅ አገር ደግሞ በየጊዜው ዳዶ ፍለጋ ይንከራተታል።

ስምምነቱ እንዴት ተወለደ

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞድስሊ እ.ኤ.አ. በ1800 ገደማ በመሪ ብሎንና በተለዋዋጭ ማርሾች የሚሠራ ቶርኖ በሥራ ላይ ሲያውል የብሎን ጥርስ ከእጅ ግምት ወጥቶ በማሽን ቁጥጥር ሥር ዋለ። አሠራሩ በመሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ሥራው በዞረ ቁጥር ማርሾቹ መሪ ብሎኑን ያዞራሉ፤ መሪ ብሎኑም ቢላዋውን በተወሰነ ርቀት ወደ ፊት ይገፋል። ማርሾቹ ሲለወጡ እርምጃው ይለወጣል።

ሆኖም እያንዳንዱ ሠራተኛ ቤት የራሱን ጥርስ ይቆርጥ ስለነበር ችግሩ ገና አልተቃለለም ነበር። በሞድስሊ ሠራተኛ ቤት የሠራው ጆሴፍ ዊትዎርዝ ከየሠራተኛ ቤቱ ብሎኖችን ሰብስቦና ለክቶ፣ አማካያቸውን በመውሰድ፣ ማዕዘኑ 55 ዲግሪ የሆነ አንድ ወጥ ጥርስ እ.ኤ.አ. በ1841 አቀረበ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሐሳቡን ያቀረበው ለሲቪል መሐንዲሶች የሙያ ማኅበር መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1864 ደግሞ አሜሪካዊው ዊሊያም ሴለርስ በፊላደልፊያ በፍራንክሊን ተቋም ፊት ሌላ ሐሳብ አቀረበ። የዊትዎርዝ ጥርስ ጫፉና ሥሩ ክብ ስለሆነ ለመሥራትም ለመለካትም ያስቸግራል፤ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ ቢሆን ተራ ሠራተኛ በቀላሉ ይሠራዋል ሲል ተከራከረ። ክርክሩ የቆመው በአነስተኛው ሠራተኛ ቤት አቅም ላይ ነበር። የአውሮፓ አህጉር አገሮችም እ.ኤ.አ. በ1898 በዙሪክ ተሰብስበው፣ የፈረንሳይን ሥርዓት መሠረት በማድረግ፣ 60 ዲግሪ የሆነ በሚሊሜትር የሚለካ ጥርስ አጸደቁ። የኢንቹ ዓለም እርስ በርሱ የተስማማው ግን ዘግይቶ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝና የአሜሪካ ብሎኖች ባለመግጠማቸው ብዙ ችግር ከደረሰ በኋላ እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ በኅዳር ወር 1948 እ.ኤ.አ. በጋራ 60 ዲግሪ ጥርስ ተስማሙ።

በአራት በሮች የገባ ጥርስ

ወደ አገራችን የመጀመሪያው ሰፊ በር የምድር ባቡር ነው። በፈረንሳዮች የተሠራው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በድሬዳዋ የተቋቋመው የጥገና ሠራተኛ ቤት ለብዙ ኢትዮጵያውያን የቶርኖ ሥራ ትምህርት ቤት ሆኖ አገልግሏል። ከፈረንሳይ ማሽን ጋር ሚሊሜትርም አብሮ መጣ።

ሁለተኛው በር ጣሊያን ነው። ዳዶ፣ ቶርኖ፣ ካቻቢቴ፣ ሞርሳና ትራፓኖ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ብሎን የሚለው ቃል ግን ከፈረንሳይኛው «ቡሎን» ጋርም ከጣሊያንኛው «ቡሎኔ» ጋርም ስለሚቀራረብ የሁለቱንም በሮች ምልክት ይዟል። የጣሊያንም ጥርስ በሚሊሜትር የሚለካ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ በየመንገዳችን የተመላለሰው ፊያት ኤንትሬ ይህንኑ አስቀጥሏል።

ሦስተኛው በር በ1933 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተከፈተ። በኋላም ከላንድሮቨርና ከሊስተር የናፍጣ ሞተር ጋር የዊትዎርዝ ዘመድ የሆነው የኢንች ጥርስ እስከ ገጠር ወፍጮ ቤት ዘለቀ። አራተኛው በር የአሜሪካ ነው። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካ አውሮፕላኖች ጋር፣ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከአሜሪካ መንገድ መሥሪያ ማሽኖች ጋር 60 ዲግሪ የሆነውን የኢንች ጥርስ አስገቡ። እንግዲህ የአንዱ ኢንች ከሌላው ኢንች ጋር የማይገጥምበት ዘመን የጀመረው በዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 ሜትራዊ መለኪያ በሕግ ተደነገገ። በዚያው ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ በኋላም ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት ማሽኖችና መኪናዎች የሚሊሜትርን ጎራ አጠናከሩ። አዋጅ ግን አዲስ የሚገባውን ዕቃ ይገዛ እንደሆነ እንጂ በሥራ ላይ ያለውን ብሎን አይለውጥም።

ከዚህም ሌላ የቧንቧ ጥርስ በአገራችንና በብዙ ሌሎች አገሮች እስከ ዛሬ በዊትዎርዝ 55 ዲግሪ እንደጸና ነው። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በፊት የእርሻ መሬት በነበረው በጎሮ፣ ቤት ሲሠራ የሚገጠመው የውሃ መስመር ለዚህ ምስክር ነው። «ግማሽ ኢንች» የሚባለው የቧንቧ ጥርስ የውጭ ውፍረቱ 20.955 ሚሊሜትር ሲሆን በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ 14 ጥርሶች አሉት። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ ይህንን ሲለካ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም፤ ስሙ የድሮውን የቧንቧ የውስጥ ስፋት እንጂ የጥርሱን ውፍረት አያመለክትም። የዛሬው ቧንቧ ፕላስቲክ ቢሆንም በመጋጠሚያው ውስጥ ያለው የነሐስ ጥርስ ያው ነው።

በትንሽ ቶርኖ ላይ

በጎሮም ሆነ በሌላው የከተማችን ክፍል፣ በግቢ ጥግ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ትንሽ ቶርኖ የተከለ ባለሙያ ይህን ሁሉ ታሪክ በአንድ ቀን ሊያስተናግድ ይችላል። ጠዋት የፓምፕ ብሎን፣ ከሰዓት በኋላ የመኪና፣ ማታ የቧንቧ መጋጠሚያ ይመጣለታል። ሦስቱም የተለያየ አገር ልጆች ናቸው።

ባለግማሽ ኢንች ብሎንን እንውሰድ። የዊትዎርዙ በአንድ ኢንች 12 ጥርስ፣ የአሜሪካው 13 ጥርስ አለው። የእርምጃቸው ልዩነት 0.16 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ዳዶው መጀመሪያ የሚገጥም ይመስላል። ጥቂት ከዞረ በኋላ ግን ልዩነቱ በየጥርሱ እየተደመረ ይነክሳል። 8 ሚሊሜትር ብሎንና የኢንች አምስት አሥራ ስድስተኛ (7.94 ሚሊሜትር) ዳዶም እንደዚሁ ናቸው። በረጅም መፍቻ ያስገደደው ሰው ዳዶውን ያስገባው ይሆናል፤ የሚሸከሙት ጥርሶች ግን ታርደዋል። «ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው፣ ጠብቆ የሚታየው ብሎን ጭነት ሲመጣበት ይመዘዛል። በመኪና መሪ ወይም በማንሻ መሣሪያ ላይ ሲሆን ደግሞ የሚጠፋው ዳዶ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ባለሙያው አዲስ ብሎን መቁረጥ ይኖርበታል። የቶርኖው መሪ ብሎን እርምጃ 1.5 ሚሊሜትር ነው እንበል። 1.75 ሚሊሜትር ለመቁረጥ ባለ 70 እና ባለ 60 ጥርስ ማርሽ ይበቃሉ። በኢንች 14 ጥርስ ለመቁረጥ ግን አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለሆነ 127 የሚለው ቁጥር ግድ ይላል። 127 ለማንኛውም ሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ስለሆነ ሌላ ማርሽ በትክክል አይተካውም። ባለ 127 ማርሽ ካለው 127 ለ70 እና 40 ለ60 ቢያጣምር ልኩን ያገኛል።

ባለ 127 ማርሽ ከትንሽ ቶርኖ ጋር ሁልጊዜ አይገኝም። ያን ጊዜ 80 ለ63 ከ40 ለ42 ጋር ተጣምሮ ይሠራል፤ ስሕተቱ ከ8,000 አንድ እጅ ብቻ ነው። በ20 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ ከ0.003 ሚሊሜትር ያንሳል፤ ለቧንቧና ለተራ ብሎን ምንም አይደለም። በዚህ ሥራ ጊዜ መሪ ብሎኑን የሚይዘው ተከፋች ዳዶ ሳይለቀቅ፣ ቢላዋው ከሥራው ወጣ ተደርጎ፣ ማሽኑ ወደ ኋላ እየዞረ መመለስ አለበት፤ አለዚያ ሁለተኛው ቅርፊት የመጀመሪያውን መንገድ ስቶ ጥርሱን ያበላሻል።

ከእኛ የሚጠበቀው

ከላይ እንደተመለከትነው ጥርስን አንድ ያደረገው ሥራ የጀመረው በየሠራተኛ ቤቱ ያለውን ብሎን በመሰብሰብ ነው፤ ለውይይት የቀረበውም በሙያ ማኅበር ፊት ነው። እኛ ግን በአራት በሮች የገባውን ተቀበልን እንጂ በእጃችን ያለው ምን እንደሆነ ሰብስበን አልመዘገብንም። የትኛው ወፍጮ፣ የትኛው ፓምፕ፣ የትኛው አሮጌ ቶርኖ ምን ጥርስ እንደያዘ የሚያውቁት በሥራው ላይ ያረጁ ቶርኖ ሠራተኞች ናቸው፤ ዕውቀቱም ከእነርሱ ጋር ያልፋል። አሮጌው ማሽን ለቁራጭ ብረት ሲሸጥ በጎኑ የተለጠፈው የማርሽ ሠንጠረዥም አብሮ ይቀልጣል።

ሥራው ከባድ ወጪ አይጠይቅም። እያንዳንዱ አባል በሚሠራበት ቦታ የሚያገኘውን ብሎን ውፍረት፣ እርምጃና ማዕዘን ለክቶ፣ የመጣበትን ማሽንና አገር ጽፎ ቢያስቀምጥ፣ የአሮጌ ቶርኖ የማርሽ ሠንጠረዥ ከመጥፋቱ በፊት ቢገለበጥ፣ በምንሠራው ንድፍ ላይም «ግማሽ ኢንች» ብለን ከማለፍ ይልቅ የጥርሱን ሙሉ ስም ብንጽፍ፣ በጎሮ ግቢ ውስጥ የሚሠራው ባለሙያ በግምት ከመቁረጥ ይድናል፤ በብሎኑ የሚታመነውም ሰው እንዲሁ።